ውሻው ሲቀበር ጭራው ለምን ተቆረጠ? ስለ እንስሳት ፊልሞችና ዳግም ስለመወለድ

የማርዬ_እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ባለፈው ወር ውሻችን ቡቺ ሞተ። 11 ዓመት አብሮን ኖሯል። ልጄ ገና 7 ዓመቷ ነው። ቡቺ የሌለበትን ቤት አታውቅም። ግቢያችን ጥግ፣ ጌሾው ስር ቀበርነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጥያቄዋ አንድ ነው። «እማዬ፣ ቡቺ አሁን የት ነው ያለው?»

ቅዳሜ ማታ ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠችኝን አንድ የሞንጎልያ ፊልም ከፈትኩላት። ርዕሱ «የቢጫው ውሻ ዋሻ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ነው። ውሻና ሕፃናት አሉበት ስላለችኝ ልጄን ያረሳሳልኛል ብዬ ነበር። ገና ሲጀምር ምን ይመጣል? አባትና ልጅ የሞተ ውሻ ሊቀብሩ ኮረብታ ላይ ወጥተዋል። አባትየው የውሻውን ጭራ ቆርጦ ከራሱ ስር ያደርገዋል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ በሚቀጥለው ሕይወቱ ጭራ ያለው ውሻ ሳይሆን ጸጉሩን እንደ ጭራ ያሰረ ሰው ሆኖ እንዲወለድ ነው ይላል።

ልጄ ቀስ ብላ ዞረች። «እኛ የቡቺን ጭራ አልቆረጥንለትም» አለችኝና ማልቀስ ጀመረች። ፊልሙን ዘጋሁት።

ሞንጎልያ ውስጥ ብዙ ሰው ቡድሂስት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ቡድሂስቶች ስለ እንስሳት የሚያምኑት ምንድን ነው? እንደዚህ ዓይነት ሌላ ፊልም ያየ ሰው አለ? ለልጄ የማይሆን ነገር እንዳልነግራት ብዬ ነው የምጠይቃችሁ።

ፊልም_ወዳድ፦

አይዞሽ እህቴ። 11 ዓመት ቀላል አይደለም። ውሻ የቤት ሰው ነው።

ፊልሙን የሠራችው ቢያምባሱረን ዳቫ ናት። የሞንጎልያ ዋና ከተማ ኡላንባታር ተወልዳ ጀርመን፣ ሙኒክ ፊልም የተማረች ዳይሬክተር ናት። ይህ የመመረቂያ ሥራዋ ነበር። የምታያቸው ሰዎች ተዋንያን አይደሉም። ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ የሚኖር እውነተኛ የአርብቶ አደር ቤተሰብ ነው። ለዚህ ነው ድንኳኑን ሲያፈርሱ፣ አይብ ሲሠሩ እጃቸው የማይደናገረው።

ጭራውን በተመለከተ፣ ሞንጎልያውያን ውሻን ለሰው በጣም የቀረበ ፍጡር አድርገው ያዩታል። ውሻ ሲሞት ቀጣዩ ልደቱ ሰው ሊሆን ይችላል ይላሉ። ጭራውን ሲቆርጥለት አባትየው መንገደኛ እየሸኘ ነው። ስንቅ እንደመቋጠር ቁጠሪው።

ለልጅሽ ግን ይህን ንገሪያት። ጭራው ባይቆረጥም መንገዱ አይዘጋም። በቡድሂዝም የሚቀጥለውን ልደት የሚወስነው ሥራ ነው። ካርማ የሚባለው እሱ ነው። ቡቺ ደግሞ ጥሩ ውሻ ነበር አይደል?

ፊልሙን እስከ መጨረሻው እዩት። አንዲት አሮጊት በመርፌና በሩዝ የምታሳየው ነገር አለ። እሱን አልነግርሽም።

የማርዬ_እናት፦

በጣም ጥሩ ነበር። ሌሊት ሌባ ሲመጣ ይጮሃል፣ ቀን ዶሮዎቹ ጀርባው ላይ ይተኛሉ። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

የህንድ_ፊልም_ልጅ፦

እኔ ይህን ነገር ያወቅኩት ከህንድ ፊልም ነው። ልጅ ሆነን ሰፈር ውስጥ ስናይ ጀግናው ይሞትና እንደገና ተወልዶ ይመጣል። እኛም «ይኸው መጣ!» ብለን እናጨበጭባለን። ከእንስሳ ጋር የተያያዘው ግን «ኢጋ» ነው። የኤስ ኤስ ራጃሙሊ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. 2012። ልጁ የሚወዳትን ልጅ በተመኘ ሀብታም ይገደልና ዝንብ ሆኖ ይወለዳል። ከዚያ ያን ሀብታም መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣዋል። ልጅቷ ስታለቅስ ዝንቡ በእንባዋ ማንነቱን ይጽፍላታል። እዚያ ቦታ ላይ ሁሌም እንባዬ ይመጣል። ዝንብ እንዲህ ያስለቅሰኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ይህ ግን ሂንዱ ነው ወይስ ቡድሂስት? ልዩነታቸውን የሚያውቅ ቢያስረዳኝ።

አንድ_ምእመን፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለመገሠጽ አልመጣሁም። እኅታችን ለልጅ የሚነገር ነገር ስለጠየቁ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ሰው አንድ ጊዜ ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ ፍርድ ነው። ዕብራውያን 9፥27 ላይ ተጽፏል። እንስሳ ሰው ሆኖ ይወለዳል የሚለው ከእምነታችን ጋር አይሄድም። «ዳግም ልደት» የሚለውን ቃልም ተጠንቅቀን ብንጠቀምበት ጥሩ ነው። ለእኛ ዳግም ልደት ጥምቀት ነው።

ነገር ግን ለቡቺ ማልቀሷን አትከልክሏት። ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ መጽሐፈ ምሳሌ ይናገራል።

የማርዬ_እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔም እንደዚያው ነው የማምነው። እሷንም እንደዚያው ነው የማሳድጋት። የሌላውን ሕዝብ ፊልም ስናይ ግን ሰዎቹ ምን እያሉ እንደሆነ ብንረዳ ደስ ይለኛል።

ደርሶ_መልስ፦

ስለ ቡድሂዝም መጽሐፍ አላነበብኩም። አንድ ያየሁት ነገር ልንገራችሁ።

አባቴን ለኩላሊት ሕክምና ባንኮክ ይዤው ሄጄ ሁለት ወር ተቀምጠናል። ካረፍንበት ቤት አጠገብ የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ አለ። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ በትናንሽ የቀርከሃ ቅርጫት ወፎች ይሸጣሉ። ሰው ይገዛና ይለቃቸዋል። በጎ ሥራ ሆኖ ይቆጠርለታል። አንዲት አሮጊት ቅርጫቱን አፏ ድረስ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ ስታንሾካሹክ አየሁ። ከዚያ ከፈተችው።

አባቴ «እኔም ልልቀቅ» አለኝ። ገዛሁለት። እጁ ላይ የመርፌው ፕላስተር ገና አልተነሳም። ሲከፍተው አንዷ ወፍ አልሄደችም። ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ቆማ ታየው ጀመር። እሱም ያያታል። «ሂጂ እንጂ ልጄ» አላት በአማርኛ። ያኔ በረረች። ወፎቹ ለዚሁ ተብለው እንደሚያዙ በኋላ ሰምቼ አዝኛለሁ። የአባቴ ፊት ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ነው።

ከተመለስን በ8 ወሩ አረፈ።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ሰው የታይላንዱን ፊልም ያሳየኝ። «ያለፉ ሕይወቶቹን የሚያስታውሰው አጎቴ ቡንሚ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ፈረንሳይ፣ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት ወስዷል። ቡንሚ ኩላሊቱ የደከመ ገበሬ ነው። ቤቱ ሆኖ በሆዱ በኩል በቱቦ ፈሳሽ ይቀየርለታል። የሚረዳው ከላኦስ የመጣ ሠራተኛ ነው። ያንን ቱቦ ሳየው ፊልም መሆኑን ረሳሁት። ቡንሚ ለምን እንደታመመ ያስባል። ወታደር ሳለሁ ብዙ ሰው ገድያለሁ፣ እርሻዬ ላይም ብዙ ነፍሳት ፈጅቻለሁ ይላል። ሰውንና ትልን በአንድ አፍ ነው የሚቆጥራቸው። እኔ እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ፊልም_ወዳድ፦

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ይህን ፊልም ስላነሳኸው አንድ ነገር ልጨምር። ዳይሬክተሩ አፒቻትፖንግ ዌራሴታኩል ነው። መጀመሪያው ላይ ያለውን ጎሽ ታስታውሳለህ? ሊነጋጋ ነው ወይም ሊመሽ ነው፣ አይለይም። ጎሹ የታሰረበትን ገመድ ያላቅቅና ጫካ ይገባል። ቆሞ ያዳምጣል። ከዚያ ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል። አለቀ። ቡንሚ በአንድ ዘመን ያ ጎሽ ነበረ? ፊልሙ አይናገርም። መሃል ላይ ደግሞ አንዲት ልዕልትና የሚናገር ዓሣ ይመጣሉ። እሱም ያለፈ ሕይወቱ ይሁን አይሁን የሚነግርህ የለም። ልዕልቷ ነበር? ዓሣው? ወይስ ውሃው? ስታየው ቆይተህ «የቱ ነው እሱ?» ማለቱን ትተዋለህ። ጎሹን ጎሽ ብለህ፣ ዓሣውን ዓሣ ብለህ በደንብ ታያለህ። እኔን የገዛኝ ይህ ነው።

የጠፋው የቡንሚ ልጅም ሰውነቱ ጸጉር ለብሶ፣ ዓይኑ ቀይ ሆኖ፣ ዝንጀሮ መስሎ እራት ላይ ይመጣል። ማንም አይሮጥም። አረፍ በል ይሉታል።

የህንድ ፊልም ልጅ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «ኢጋ» የሂንዱ ነው። እዚያ የማትለወጥ ነፍስ አለች። ልብስ እንደምንቀይር ሥጋ ትቀይራለች። ልጁ ዝንብ ሲሆን ያው ልጅ ነው። ፍቅሩም ቂሙም አብሮት አለ። ቡድሃ ግን እንዲህ የሚዛወር ቋሚ «እኔ» የለም ነው ያለው። «አናታ» ይሉታል። ታዲያ የሚወለደው ማነው? ይህን ሚሊንዳ የሚባል የግሪክ ዘር ያለው ንጉሥ ናጋሴና የሚባል መነኩሴን ጠይቆት ነበር። መነኩሴው በመብራት መሰለለት። የፋሲካን ሌሊት አስበው። ጧፍህን ከጎንህ ካለው ሰው ጧፍ ትለኩሳለህ። የአንተ እሳት የእሱ እሳት ነው? አይደለም። ያለ እሱ ግን የአንተ አይበራም ነበር።

ሂሩት_ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ጧፉ ያማረ ምሳሌ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ግን እሳት አይፈልግም፣ ውሻውን ነው የሚፈልገው።

«ኤ ዶግስ ፐርፐዝ»ን ያየ አለ? እ.ኤ.አ. 2017 የወጣ የአሜሪካ ፊልም ነው። ቤይሊ የሚባል ውሻ ኢታን የሚባል ልጅ ጋር ያድጋል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። ከዚያ የፖሊስ ውሻ ሆኖ ይወለዳል። ከዚያ ኮርጊ የሚባል እግረ አጭር ትንሽዬ ውሻ። በመጨረሻ ማንም የማይፈልገው ትልቅ ውሻ ሆኖ ተወልዶ፣ አሁን ሽማግሌ የሆነውን ኢታንን ፈልጎ ያገኘዋል። ኢታን አያውቀውም። ውሻው ድሮ የሚጫወቱትን ያንኑ ጨዋታ ያሳየዋል። በሰውየው ጀርባ ላይ ዘልሎ የተነፈሰውን ኳስ በአየር ላይ ይይዛል።

እዚህ አሜሪካ ስመጣ ማንም አልነበረኝም። ከሥራ ስገባ በር ላይ የሚጠብቀኝ አንድ ውሻ ነበር። ሲሞት ከሥራ እንኳን የቀረሁት አንድ ቀን ነው። «ውሻ ሞተብኝ» ብሎ ለሐበሻ መናገር ይከብዳል። ያንን ፊልም ብቻዬን አየሁትና ለሦስት ዓመት ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ቡድሂዝም አይደለም ብትሉኝም ለእኔ ሥራውን ሠርቷል።

ደርሶ_መልስ፦

ሂሩትዬ፣ አይዞሽ። እዚህ ብትናገሪ ማንም አይስቅብሽም።

ፊልም_ወዳድ፦

ሂሩት ልክ ነሽ። «አይደለም» ብዬ ላጣጥለው አልፈልግም። ውሻው ስሙንና ሰውየውን ሲያስታውስ እኔም አልቅሻለሁ።

ግን የሚሻገረው ነገር ምንድን ነው የሚለውን እንይ። በአሜሪካው ፊልም ትዝታው ይሻገራል። በቡድሂስቶቹ የሚሻገረው የሠራኸው ሥራ ነው። ለዚህ የኮርያውን «ጸደይ፣ በጋ፣ በልግ፣ ክረምት... እና ጸደይ» እዩልኝ። እ.ኤ.አ. 2003፣ ዳይሬክተሩ ኪም ኪ ዱክ። ሐይቅ ላይ የተንሳፈፈች ትንሽ ቤተ መቅደስ አለች። አንድ ሽማግሌ መነኩሴና አንድ ሕፃን ብቻ ይኖሩባታል። ሕፃኑ ዓሣ ይይዝና በክር ጠጠር ያስርበታል። ዓሣው እየተወላገደ ሲዋኝ ይስቃል። ቀጥሎ እንቁራሪት። ቀጥሎ እባብ። ሽማግሌው ከድንጋይ ጀርባ ሆኖ ሁሉንም ያያል፣ ምንም አይናገርም። ሌሊት ልጁ ተኝቶ እያለ ጀርባው ላይ ትልቅ ድንጋይ ያስርበታል። ጠዋት ልጁ ከበደኝ ሲል፣ ሄደህ ፍታቸው፣ አንዳቸው እንኳን ሞተው ከሆነ ድንጋዩን ዕድሜ ልክህን በልብህ ትሸከመዋለህ ይለዋል። ልጁ ድንጋዩን ተሸክሞ እየወደቀ እየተነሳ ይሄዳል። እንቁራሪቷ አለች። ዓሣው ሞቷል። እባቡ በደም ተነክሯል። ልጁ እባቡ አጠገብ ተቀምጦ የሚያለቅሰው ለቅሶ እስከ ፊልሙ መጨረሻ ይከተላችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። ሽማግሌው መነኩሴ ጀልባ ላይ ሆኖ ራሱን ሲያቃጥል፣ ከጀልባው አንድ እባብ እየዋኘ ወደ ቤተ መቅደሷ ይመጣል። በክረምቱ ክፍል የሽማግሌው ልብስ ላይ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ማንም «ይህ እሱ ነው» አይልም። መጀመሪያ ላይ የተሠቃየው እባብ፣ መጨረሻ ላይ ልብሱን የሚጠብቀው እባብ። በመሃል ያ ሕፃን አድጎ ጎልማሳ ሆኗል።

የድሬ_ልጅ፦

ስለ ሞንጎልያ ውሾች ሌላም አለ። «የውሾች አገር» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. 1998። ባሳር የሚባል ውሻ ጌቶቹ ጥለውት ሄደው ኡላንባታር ከተማ ውስጥ ይባዝናል። የባዘኑ ውሾችን እንዲገድል የተቀጠረ ሰው ይተኩሰዋል። ውሻው ከሞተ በኋላ ሰው ሆኖ ለመወለድ ተራው ደርሷል። እሱ ግን አይፈልግም። ሰዎች ያደረጉትን ያስታውሳላ።

ልጅ ሆኜ አንድ ጠዋት የሰፈራችን ውሾች በሙሉ ተመርዘው አደሩ። የእኛዋ እየተንገዳገደች በራችን ድረስ ደርሳለች። እናቴ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ በማንኪያ ወተት ስታጠጣት ትዝ ይለኛል። ወተቱ በአፏ ዳር ይፈስሳል። ዓይኗን ከእናቴ ላይ አላነሳችም። ባሳር «ሰው መሆን አልፈልግም» ሲል ያቺ ውሻ ናት የታየችኝ። ከዚያም እናቴ።

ጋሽ_ጓሮ፦

ልጆቼ፣ ስታወሩ እያነበብኩ ነው። ያነሳችሁት ቡድሃ ለእኛ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። «በረላም ወይዋስፍ» የሚባል የግዕዝ መጽሐፍ አለን። ይዋስፍ የህንድ ንጉሥ ልጅ ነው። አባቱ ሕመምንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳድገዋል። ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ ያያል፣ ልቡ ይሰበራል፣ ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። ይህ ራሱ የቡድሃ ታሪክ ነው። ከህንድ ተነስቶ በየአገሩ ቋንቋ እየተገለበጠ፣ በመንገድ ላይ የክርስቲያን ታሪክ ሆኖ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ገባ። የተረጎሙት ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ እንባቆም ናቸው። «ይዋስፍ» የሚለው ስም እንኳን የመጣው «ቦዲሳትቫ» ከሚለው ነው። ቡድሃ ለመሆን በጉዞ ላይ ያለ ማለት ነው።

ዳግም መወለዱ በመንገድ ላይ ቀርቷል። ምንናውና የሞት ነገር ግን እኛ ዘንድ ደርሷል።

የዚያ የቦዲሳትቫ ያለፉ ሕይወቶች በፓሊ ቋንቋ 547 ሆነው ተጽፈዋል። ጃታካ ይባላሉ። በብዙዎቹ እንስሳ ነው፤ አጋዘን፣ ዝሆን፣ ዝንጀሮ። ጥንቸል የነበረ ጊዜ፣ ለተራበ እንግዳ የሚሰጠው ቢያጣ እሳት ውስጥ ራሱን ወረወረ። እንግዳው አምላክ ነበርና የጥንቸሏን መልክ ጨረቃ ላይ ሣለው ይላሉ። ዛሬ የምታዩዋቸው ፊልሞች ሥር መሠረታቸው እዚያ ነው።

ስለ ጭራው ደግሞ፣ የማርዬ እናት፣ አያቴ የልጅ ጸጉር ሲላጭ ቁንጮ ይተው ነበር። ሕፃኑ ቢሞት መላእክት በቁንጮው ይዘው ወደ ላይ ያወጡታል ይሉ ነበር። ያንን ሞንጎልያዊ አባት ሳስበው እሳቸው ይመጡብኛል።

አንድ_ምእመን፦

ጋሼ፣ የበረላምን ነገር ከአባቶች ሰምቼው ነበር። ከየት እንደተነሳ ግን አላውቅም ነበር። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎት።

የማርዬ_እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የቁንጮውን ለልጄ ነገርኳት። የራሷን ጸጉር ይዛ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ትናንት ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየነው። ናንሳል የምትባለው ልጅ ዋሻ ውስጥ ቡችላ ታገኛለች። አባቷ ከተኩላ ጋር ኖሮ ይሆናል፣ መንጋውን ያስፈጅብናል ብሎ እንድትጥለው ያዛታል። እናቷ የእጅሽን መዳፍ ዘርግተሽ ንከሺው ትላታለች። አይቻልም። አጠገብሽ ሆኖ የምታይው ሁሉ የአንቺ አይሆንም ትላታለች። ልጄ ወዲያው መዳፏን ልትነክስ ሞከረች። እኔም ሞከርኩ። እናንተም ሞክሩት።

ከዚያ አሮጊቷ መጣች። ናንሳል በዝናብ ጠፍታ የአሮጊቷ ድንኳን ውስጥ አምሽታለች። በሚቀጥለው ሕይወቴ ሰው ሆኜ እወለዳለሁ ወይ ብላ ትጠይቃታለች። አሮጊቷ መርፌ ወደ ላይ ታቆምና ሩዝ ታፈስበታለች። አንዲት ፍሬ ጫፉ ላይ ስትቆም ንገሪኝ ትላታለች። ናንሳል አፍጥጣ ታያለች። አንዷም አትቆምም። ሰው ሆኖ መወለድ እንዲህ ከባድ ነው፣ ለዚህ ነው የሰው ሕይወት ውድ የሆነው ትላታለች።

ልጄ አቁሚው አለችኝ። ወጥ ቤት ሄዳ ድንች፣ መርፌና ሰፌድ ይዛ መጣች። መርፌውን ድንቹ ላይ ሰካነው። ጤፍ ይሻላል አለች፣ ከሩዝ ስለሚያንስ ይቆማል ብላ። በእፍኟ እየዘገነች ቀስ ብላ ስታፈስ እኔ ዓይኔን ጫፉ ላይ ተክዬ አያለሁ። አንዷም አልቆመችም። እጇ እስኪዝል አፈሰሰች።

«እማዬ» አለች፣ «ሰው መሆን እንደዚህ ከባድ ከሆነ፣ ቡቺ ውሻ ሆኖ ቢመጣም እኔ አይከፋኝም።»

ቡቺን የፈጠረው ያውቃል አልኳት። ከዚያ ተንበርክከን ከወለሉ ላይ ጤፉን ስንለቅም አመሸን። ሶፋ ስር የገባውን ዛሬም አልጨረስነውም።